ባዶ የማይመለስ ጀሪካን

በ1969 ሰኔ ላይ የባቡሩ ሐዲድ በጦርነቱ ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገሩ ጭነት ሁሉ በአሰብ መንገድ ላይ ወደቀ። በዶቢና በማንዳ መካከል በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ልቡና ያለው ሰው መንገድ አይወጣም። በዚያ ዓመት ግን ሁሉም ወጣ። የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ጉድጓድ በሐምሌ አጋማሽ ደረቀ። እዚያ መኪና እንደ ሰው ይጠጣል፤ ራዲያተሩ ከሹፌሩ ጋር ውሃ ይሻማል። የማውቃቸው ሦስት ሹፌሮችና አንድ ረዳት በዚያ ክረምት ሞቱ። ሁለቱን መንገድ ዳር ቀበርናቸው። የቀሩትን ሌሎች ቀበሯቸው።

እኔ ከጅማ ቡና ጭኜ እየወረድኩ ነበር። ከዶቢ እንዳለፍኩ የራዲያተሩ ቱቦ ፈነዳ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ ቀድጄ ቱቦውን ጠቅልዬ አሰርኩት። ውሃዬን ግን መሬቱ ጠጥቶት ነበር። የመጠጡንም ቀድሜ ለራዲያተሩ ሰጥቼዋለሁ። ረዳቴ መኪናው ሥር ገብቶ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ መናገር አቆመ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለይኩን ከኋላ ደረሰ።

ለይኩን እንደኔው የጅማ ሹፌር ነው። አባቱ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሱ ያደገው እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው፤ ኦሮምኛን ከኔ እኩል ይናገራል። በዚያ ቀን የነበረው አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፤ ሃያ ሊትር። ጀሪካኑ ነጭ ፕላስቲክ ሆኖ ጎኑ ላይ በጋለ ሚስማር የተጫረ መስቀል አለው። አውርዶ እግሬ አጠገብ አስቀመጠው።

«አንተስ?» አልኩት።

«የኔ መኪና ጾመኛ ነው» አለና ሄደ። እኔና ረዳቴ በዚያ ውሃ ተረፍን።

ማንዳ ሲደርስ ምላሱ አብጦ ስሙን ለኬላው መናገር አቅቶት ነበር። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም።

በአሰብ መንገድ የውሃ ሥርዓት ነበረን። ውሃ የሰጠህን ሰው አታመሰግነውም። ገንዘብ አታሳየውም። ጀሪካኑንም ባዶውን አትመልስለትም። ሞልተህ ነው የምትመልሰው፤ ያውም እሱ ውሃ በቸገረው ቀን። ያ ቀን እስኪመጣ ጀሪካኑ አንተ ቤት ይቀመጣል፤ ቤትህ የገባ ሹፌር ሁሉ ያየዋል፤ የማን እንደሆነም ይጠይቃል።

እኔ ቤት፣ ጅማ ጅሬን ሰፈር፣ በሩ ጥግ ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ባለቤቴ ዙህራ ነጭ ጋዝ ልታደርግበት ብዙ ጊዜ ጠይቃኛለች። የሰው ነው አልኳት። በመንገድ ላይ እጥፍ ውሃ እየጫንኩ ሄድኩ። ለይኩን ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጀሪካን መያዝ ስለ ጀመረ አንድም ቀን ጠምቶት አላገኘሁትም። በ1971 ነሐሴ ትዕግሥቴ አለቀ። ጀሪካኑን ሞልቼ ሔርማታ መርካቶ ወርጄ ሹፌሮች የሚውሉበት ሻይ ቤት በር ላይ አስቀመጥኩለት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ውሃህ ነው።»

«ጅማ ላይ? በነሐሴ?» ሹፌሮቹ መሳቅ ጀመሩ። «ቲጃኒ፣ ዕዳህን ከእግዜር ኪስ አውጥተህ ልትከፍል ነው? ይሄን እሱ ራሱ በነጻ እያፈሰሰው ነው። አንሳ፣ አንሳ፣ ዶቢ ላይ እንገናኝ።»

ውሃውን ደፍቼ ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን መጥራት ተወ። «ባለዕዳዬ» ነበር የሚለኝ፤ በሰው ፊትም፣ ለብቻችንም።

በ1976 ግንቦት የለይኩን መኪና ግቤ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው። እሱ በሁለት የጎድን አጥንት ስብራት ተረፈ። ቡናው ገደል ገባ። ጭነቱ የመንግሥት ነበር። ሁለታችን የምንሠራበት የቡና መጋዘን የጭነት ኃላፊ ወርቅአገኘሁ ይባላል፤ ጓድ ወርቅአገኘሁ። መንጃ ፈቃዱን ወሰደበት፤ ፋይልም ከፈተበት። በፋይሉ ላይ «አሻጥር» የሚል ቃል ተጻፈ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ከስሙ ጎን የተጻፈበት ሰው ቤቱ ብዙ አይቆይም ነበር።

ወርቅአገኘሁ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። ፈሪ ሰው ወረቀት ይወዳል።

በሰኔ መጀመሪያ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ከዚያ በፊት ለስድስት ወር ኮርስ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። እዚያ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ባህርን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አይቷል። ከሻንጣው ውስጥ አየር የሚነፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጓድ ለይኩን፣ ባህር ታውቃለህ?»

«አሰብን አውቃለሁ።»

«ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ባህር ታመጣልኛለህ።»

ለይኩን ወደኔ ዞረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«የጅማ ገበሬ ቡናውን ይሸጣል፤ ቡናው የሚሻገረውን ባህር ግን አይቶ አያውቅም» አለ ወርቅአገኘሁ። «በበዓሉ ቀን እዚህ አዳራሽ ገብቶ ያየዋል። ከነድንጋዩ፣ ከነአበባው፣ ከነዓሣው። አሥር ዓሣ። እቅዱን አስገብቻለሁ።»

«መንጃ ፈቃዴ እርስዎ ጋ ነው።»

«ቲጃኒ ይነዳል። አንተ ረዳት ትሆናለህ።»

«ሃያ ዓመት ነድቼ ረዳት?»

ወርቅአገኘሁ ፋይሉን ከመሳቢያ አወጣና በእጁ መዘነው። «መስከረም ሁለት ዓሣዎቹ ቆመው ከተገኙ ይህንን እዘጋለሁ። ከሞቱ ግን ወደ በላይ ይሄዳል። በኔ እጅ አይሆንም።»

«ዓሣ አይቆምም፣ ጓድ» አለ ለይኩን።

«አንተም አትቆምም» አለው።

እዚያው ጅማ መርካቶ ወርደን ለመስታወት ቆራጩ ለሸኩር ነገርነው። ሸኩር ለሱቅ መደርደሪያ እንጂ ለባህር ቆርጦ አያውቅም። ርዝመቱ ሁለት ክንድ የማይሞላ ሳጥን ሠራ፤ በወፍራም መስታወትና ከአዲስ አበባ ባስመጣው ማጣበቂያ። አራት ጀሪካን ውሃ ይይዛል። ለሙከራ የቧንቧ ውሃ ሞልተን ሦስት ቀን አየነው። አንድ ማዕዘኑ አለቀሰ። ሸኩር ደግሞ አጣበቀው። ከዚያ ወዲያ አላፈሰሰም።

አሰብ ስንደርስ አሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄድን። አንድ ዓይኑ አያይም። ለሹፌሮች ዓሣ እየጠበሰ ስለሚሸጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገሩን ስንነግረው ብዙ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ጅማ? ዓሣው የቀበሌ መታወቂያ አውጥቷል?»

«ፋይል አለው» አለ ለይኩን።

አሊ መሳቁን ተወና አስተማረን። ያለውን እንደ አለው እጽፈዋለሁ። «መጀመሪያ ውሃ። ከወደብ አይደለም፤ እኔ በጀልባ ከሩቅ አመጣላችኋለሁ። ቀጥሎ ድንጋይ። ድንጋዩ ሕይወት አለው። ቤት ሲገባ ይሸታል፤ ላዩ ያለው ግማሹ ይሞታላ። ሽታው እስኪጠፋ አንድ ወር ዓሣ አታስገቡ። የሽታውን መርዝ የሚበላው ራሱ ድንጋዩ ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቀጥሎ ቀንድ አውጣ፤ እሱ መስታወቱን ይልሳል። ዓሣ መጨረሻ።»

«አሥር» አለ ለይኩን።

«ሁለት።»

«እቅዱ አሥር ነው።»

«ባህር እቅድ የለውም፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። በዚህች ሳጥን አሥር ካስገባህ አሥር ትቀብራለህ።»

በመጨረሻ ሦስት ላይ ተስማሙ፤ ሦስተኛዋ ትንሽ እንድትሆን።

አሊ አንድ ነገር ሠርቶ ሰጠን። ባዶ የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ እርሳስ ብረት አስገብቶ፣ በጎማ ክዳኑ ላይ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክቶ፣ በሰም አሸገው። ያን ጊዜ ከባህር በቀዳው ውሃ ውስጥ ለቀቀው። ጠርሙሱ ሰመጠ፣ ቀፎው ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ። ውሃው ቀፎውን በነካበት ልክ በምላጭ ጫረበት። «ይህ የባህሩ ልክ ነው» አለ። ለይኩን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው።

በዚያ ጉዞ በሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ውሃ፣ በእርጥብ ጆንያ ድንጋዮችና ቀንድ አውጣዎች ይዘን ተመለስን። ድንጋዮቹ አሊ እንዳለው ሸተቱ። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ፤ ድንጋዩ ላይ ቡናማ ሻጋታ ወጣ፤ ቀንድ አውጣዎቹ በሉት። ለይኩን በየቀኑ ወንበር ስቦ ይመለከታል። ትንሽ ቀይ ትል ከድንጋዩ ቀዳዳ ብቅ ስትል ሰው ይጠራ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ለዓሣው ወረድን። አሊ የመረጣቸው ዓሣዎች ብርቱካንማ ሆነው ሁለት ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ናቸው። አንድ ድንጋይም ጨመረ፤ ላዩ ላይ ጣት ጣት የሚመስል ሥጋ የበቀለበት፤ ብርሃን ሲያይ የሚዘረጋ፣ ሲነኩት የሚጨበጥ። ወርቅአገኘሁ አበባ ያለው ይህንን ነው። አሊ እንስሳ ነው አለ። ለመንገዱ ካላማዳሪያ ነፍተን፣ አፉ ላይ ቀጭን ቱቦ አስረን፣ አየሩ በትንሽ በትንሹ የዓሣው በርሜል ውስጥ እንዲወጣ አደረግን። ለይኩን በየሁለት ሰዓቱ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። አራት ቀን ነፋ።

በባቲና በኮምቦልቻ መካከል ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። በዚያ ዓመት እዚያ አልዘነበም። በርሜል መጫናችንን አይተው ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ለይኩን የጨው ውሃ ነው አላቸው። አንዲት ሴት አላመነችውም፤ ከበርሜሉ ቀድታ ቀመሰች። ተፋችና ቆርቆሮዋን ይዛ ተመለሰች። ጠርተናት ከመጠጣችን አንዱን ጀሪካን ሰጠናት።

ዓሣዎቹ በሕይወት ጅማ ገቡ። ወርቅአገኘሁ ቆጠራቸው።

«ሦስት ናቸው።»

«ሰባቱ መንገድ ላይ ናቸው» አለ ለይኩን።

በሪፖርቱ አሥር ተብሎ ተጻፈ።

የጅማ ክረምት ለባህር ዓሣ ብርድ ነው። ለይኩን በሳጥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ባለ መቶ አምፖል ሰቀለ፤ አንድ ደግሞ ከላይ። በመሸ ጊዜ ቡልኮ ያለብሰዋል። መብራት ሲጠፋ ካላማዳሪያው ይነፋል። ምግባቸው የተፈጨ ደረቅ ዓሣ ነው፤ በሁለት ጣት ቆንጥሮ፣ በቀን አንዴ። ባለቤቱ ሸዋረገጥ ምሳውን ይዛ አዳራሹ ትመጣለች።

«ቲጃኒ ሙት» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ለዓሣ ቡልኮ አልብሶ እኔ በነጠላ ነው የማድር። ደግሞ ያወራቸዋል። እኔን በሃያ ዓመት ያላወራኝን።»

«እነሱ አይመልሱማ» አለ ለይኩን።

ሳቀች። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ከሞቱስ?» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት። ወንድሟ በ1970 ተወስዶ አልተመለሰም።

በነሐሴ መጀመሪያ ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ለመሰብሰብ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስመለስ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ትንሿ ዓሣ ሞታለች። ሁለቱ አየሩ የሚወጣበት ጥግ ተጠግተው ጉንጫቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል። አበባው ተጨብጦ ጠጠር መስሏል። ቀንድ አውጣዎቹ ከውሃው ሸሽተው መስታወቱ አፍ ላይ ተለጥፈዋል። ለይኩን ጢሙን አልተላጨም። በጣሳ ከሰማያዊው በርሜል እየቀዳ ይጨምራል። ለበዓሉ ሃያ ቀን አልቀረውም።

«ስንት ጊዜ ትጨምራለህ?» አልኩት።

«በየቀኑ። ይጎድላላ፣ ባለዕዳዬ። አምፖሉ ያተነዋል፣ አየሩም ይወስደዋል።»

«ከበርሜሉ?»

«ታዲያ ከየት? የባህር ዓሣ ነው እኮ። የባህር ዓሣ የባህር ውሃ ይፈልጋል።»

አሊ የሠራውን ጠርሙስ አየሁት። ውሃው ውስጥ ቆሟል።

«መለኪያውስ?»

«ይንሳፈፋል።»

«መንሳፈፉን አያለሁ።»

«አልሰመጠም፤ ከዚህ በላይ ምን ፈለግህ?»

ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። አሊ የጫረው መስመር ውሃውን አይነካም። የሰሊጥ ፍሬ ያህል ከውሃው በላይ ወጥቷል። በመስታወቱ አፍ ዙሪያ ነጭ ነገር ደርቋል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው። እኔ ስለ ባህር የማውቀው የለም። የማውቀው መኪና ነው።

«ለይኩን፣ ባትሪ ሲጎድል ምን ትጨምራለህ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የባትሪ ውሃ ነዋ።»

«አሲድ አትጨምርም?»

«አብጃለሁ? ፕሌቱን ላቃጥለው? የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ የት ይሄዳል፣ እዚያው…»

እዚህ ላይ ቆመ። ጣሳውን አየ፤ በርሜሉን አየ፤ ነጩን ጨው አየ። ጣሳውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው።

«ሃያ ቀን ሙሉ አሲድ ስጨምር ኖሬያለሁ» አለ።

ወርቅአገኘሁ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። ፊቱ ነጥቷል። «ታዲያ ተራ ውሃ ከሆነ ቧንቧው ደጅ ነው፤ ቅዱና ጨምሩ» አለ።

ለይኩን ወጥቶ በእፍኙ ቀድቶ መጣና አፍንጫው ሥር ያዘለት። በክረምት የቧንቧው ውሃ ቀይ ነው፤ በላዩ የሚጨምሩበት መድኃኒት እንደ በረኪና ይሸታል። ወርቅአገኘሁ ፊቱን አዞረ።

«የባትሪ ውሃ ነው የሚያስፈልገው» አልኩ።

የባትሪ ውሃ ከሰማይ ነው የምናገኘው። ያውም ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ አይሆንም፤ ፕሌት ያበላሻል። በሜዳ ላይ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሮ ከመሬትም ከጣሪያም ሳይነካ መቀበል ነው። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። እኔ በየክረምቱ አደርጋለሁ።

ለይኩን በጣቱ መስታወቱን ለካ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የጨመረውን ሁሉ እየቆጠረ ነው። ከሳጥኑ አንድ አራተኛ ወጥቶ በምትኩ ጨው የሌለው ውሃ መግባት አለበት። ያም በአንድ ቀን አይሆንም፤ በድንገት ከሆነ እሱም ይገድላል።

«ስንት ነው?» አለ ወርቅአገኘሁ።

«አንድ ጀሪካን» አለ ለይኩን።

እኔም እሱም አልተያየንም።

ቤት ስገባ ያለኝን የባትሪ ውሃ አወጣሁ። ሁለት ጠርሙስ ነው፤ የቀረውን በሰኔ ለባትሪዎች ጨርሼዋለሁ። ያንኑ ወስደን በዚያው ቀን በኩባያ በኩባያ ጨመርን። ለአንድ ቀን ዓሣዎቹ ከጥጉ ተላቀቁ፤ ከዚያ ተመልሰው ገቡ። እኔ ጅሬን ግቢዬ ውስጥ በአራት እንጨት ላይ አዲስ ላስቲክ ወጥሬ ዝናብ ጠበቅሁ።

አልዘነበም።

ጅማ ላይ፣ በነሐሴ፣ ሦስት ቀን አልዘነበም። ደመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ወደ ከፋ በኩል ያልፋል። የቡና ገበሬዎቹ ደስ አላቸው። ለይኩን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ያያል። በሁለተኛው ቀን ወርቅአገኘሁ ፋይሉን ከቢሮው ወደ አዳራሹ ይዞ መጣ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ያወቀም አይመስለኝም፤ ብቻ ይዞት ቆመ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ዓሣ በጎኑ ማዘንበል ጀመረ። ሸዋረገጥ የለይኩንን ልብስ አጥባ፣ ሹራብ ጨምራ፣ በጨርቅ ከረጢት አሰረች። ለእስር ቤት የሚሆን ልብስ እንዴት እንደሚታሰር ታውቃለች።

ሻይ ቤቱ አጠገብ ሳልፍ አንዱ ሹፌር «ቲጃኒ፣ የእግዜር ኪስ ባዶ ሆነ?» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት ቀጥሎ ንፋስ ተነሣ። ላስቲኩ አንድ ማዕዘኑ ተበጠሰ። ዙህራ ከቤት ሮጣ ወጥታ ማዕዘኑን በእጇ ያዘች። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ።

«ያዢው!» አልኳት።

«ይዣለሁ! የመጀመሪያውን ድፋ፤ አቧራ አለበት!»

ድሮም ከኔ በላይ የምታስተውል ናት። የመጀመሪያውን ደፋን። የሁለተኛውን ተቀበልን። ከበሩ ጥግ ያንን ጀሪካን አነሣሁ፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት፤ ከዚያ እስከ አፉ ሞላሁት። ዙህራ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ ቆማ ጀሪካኑን አየችው።

«ዛሬ ሊሄድልኝ ነው?» አለች።

«ኢንሻ አላህ።»

መኪናዬ ጭነት ላይ ነበር። ጀሪካኑን በትከሻዬ ይዤ ከጅሬን በእግሬ ወረድኩ። በመንገዱ ሁሉ ይዘንብ ነበር። ያገኙኝ ሰዎች በዝናብ ውስጥ ውሃ ተሸክሞ የሚሮጠውን ሽማግሌ ዞረው አዩት። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ግን እንደ ሽማግሌ ነበር የምራመደው።

አዳራሹ ስገባ ለይኩን ብቻውን ነው። ጀሪካኑን እግሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጎኑ ላይ ያለውን መስቀል አየ።

«ቢሻን» አልኩት በኦሮምኛ፤ ውሃ።

ክዳኑን ከፍቶ በመዳፉ ቀዳ፤ አሸተተ፤ ጠጣው። ከዚያ ኩባያ አነሣ።

በአራት ቀን ነው የጨረስነው። ከሳጥኑ አንድ ኩባያ እናወጣለን፤ አንድ ኩባያ እንጨምራለን፤ ሰዓት እንጠብቃለን። በሁለተኛው ቀን ያዘነበለው ዓሣ ቀና አለ። በሦስተኛው ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ውሃው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን አሊ የጫረው መስመር ውሃውን ነካ። ጀሪካኑም ባዶ ሆነ። አበባው ግን እስከ ጳጉሜ ሁለት አልተከፈተም። በተከፈተ ጊዜ ለይኩን ሰው አልጠራም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን በየቀኑ በዝናብ ውሃ እስከ መስመሩ ይሞላል፤ ሰማያዊውን በርሜል በጆንያ ሸፈነው።

መስከረም ሁለት እንግዶቹ መጡ። የቡና ችግኝ አዩ፤ የጆንያ ስፌት አዩ፤ ንግግር ሰሙ። ባህሩ ዘንድ የቆሙት ጥቂት ደቂቃ ነው። አንዱ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ይበላል?» አሉ።

«ለትምህርት ነው፣ ጓድ» አለ ወርቅአገኘሁ።

«ሪፖርቱ አሥር ይላል።»

«ስምንቱ ከድንጋዩ ጀርባ ናቸው» አለ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

ትልቁ ሰው ድንጋዩን አዩት። ከጀርባው ቡጢ የሚያክል ቦታ ነው ያለው። «ሥራቸውን ያውቃሉ» ብለው አለፉ። ምን ለማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከኋላቸው ገበሬዎቹ ገቡ። እነሱ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከጎማ ወረዳ የመጣ አንድ ገበሬ ውሃውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ፤ «ቡናችን በዚህ ላይ ነው የሚሄደው?» አለ በኦሮምኛ። «ኤዬ» ብሎ አረጋገጠለት ለይኩን። ገበሬው ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ወርቅአገኘሁ ፋይሉ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ማኅተም መታ፤ መንጃ ፈቃዱንም መለሰ። ዓሣዎቹ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሩ።

ጀሪካኑ በነዚያ ቀናት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ከሳጥኑ አጠገብ ነበር። በሥርዓታችን ባለቤቱ ካልተቀበለው ባዶውን ወደኔ ይልከዋል፤ ዕዳውም ይቀጥላል። አልጠየቅሁትም። እሱም አላነሣውም። የጅማ ዝናብ ነው፤ ከላስቲክ ላይ ያገኘሁት ነው፤ እንደ ዶቢው ውሃ ማንም ሰው ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ የሰጠው አይደለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መስከረም አሥር ላይ ለይኩን ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ተሰጠው። ጭነቱ ለአሰብ ነው። ጠዋት ወደ መጋዘኑ ስሄድ መኪናው ተጭኖ፣ ሸራው ታስሮ ቆሟል። በዙሪያው ሄድኩ፤ ልማዴ ነው፤ ጎማ አያለሁ። ከካቢኑ ኋላ ሁለት ጀሪካኖች በገመድ ታስረዋል። አንዱን አላውቀውም። ሁለተኛው ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ መስቀል አለው። በእጄ ነካሁት። ሞልቷል።

ለይኩን ሞተሩን አስነሣና በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ቲጃኒ» አለ፣ «ከኋላ ሰው አለ?»

ከመኪናው ኋላ ሄጄ አየሁ።

«ማንም የለም» አልኩት። «ንዳ።»